ነብር፣ ጅብ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ በጎጃም፦ ስለ አዳኝና ታዳኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከጮቄ አናት እስከ ዓባይ በረሃ አርሶ አደሩ፣ እረኛውና የወረዳ ባለሙያው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

አዳኝ አውሬ የዱር እንስሳትን ቁጥር የሚቆጣጠረው እንዴት ነው?

በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ግልጽ ነው፤ ገድሎ ይበላል። እያባረረ የሚይዘው ጅብ ከመንጋው ያረጀውን፣ ያነከሰውንና በበሽታ የደከመውን ይለያል። አድፍጦ የሚይዘው ነብር ያን ያህል አይመርጥም፤ ያልነቃበትን ይይዛል፤ ያልነቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግልገል ነው። በየዓመቱ ከሚወለደው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ለአቅመ መራባት ከደረሰ መንጋው ባለበት ይረጋል።

ሌላው ፍርሃት ነው፤ ይኼኛው ብዙ ሰው አያስበውም። በሞዛምቢክ ጎሮንጎዛ ፓርክ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነብርና ተኩላ ሲጠፉ፣ ጥሻ ውስጥ መዋል ልማዱ የሆነው ድኩላ ወደ ገላጣው ሜዳ ወጥቶ መብላት ጀመረ። ተመራማሪዎች የነብር ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙትና የሥጋ በል ሽታ ሲያኖሩበት ተመልሶ ወደ ጥሻው ገባ፤ አንድም ድኩላ አልተገደለም። የገበሬ ማሳም ገላጣ ሜዳ ነው። የሚያስፈራ ነገር ከሌለ ድኩላውም ከርከሮውም ይወጣበታል።

አዳኝ ባይኖርስ? ሣሩና ቅጠሉ ሲያልቅ ራሳቸው አይቀንሱም?

ይቀንሳሉ፤ ግን መሬቱን ካራቆቱ በኋላ ነው። በአላስካ አቅራቢያ ባለችው በቅዱስ ማቴዎስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. 29 ሬንዲሮች (የቀዝቃዛ አገር አጋዘን ናቸው) ተለቀቁ። በደሴቲቱ አዳኝ አልነበረም። በ1963 ቁጥራቸው 6,000 ደረሰ፤ የሚመገቡትንም የድንጋይ ሽበት ግጠው ጨረሱት። በቀጣዩ ብርቱ የበረዶ ወቅት አብዛኞቹ አለቁ፤ በ1966 ሲቆጠሩ የቀሩት 42 ብቻ ነበሩ።

በጎጃም ደግሞ ያ ረሃብ እንኳ በጊዜው አይደርስም። ጫካው የሚበላ ነገር ሲያጣ አጠገቡ በቆሎ፣ ድንችና ገብስ አለ። ስለዚህ መንጋው ከጫካው አቅም በላይ ሆኖ በማሳ እየተደጎመ ይኖራል። «ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች» የሚለው ሐሳብ እርሻና ጫካ በተጠጋጉበት አገር የማይሠራው ለዚህ ነው።

በጎጃም ዛሬ የቀረው የትኛው ነው?

አንበሳ ከደጋው ከጠፋ ቆይቷል። ነብር በዓባይ ሸለቆ ገደላ ገደል፣ በገባር ወንዞቹ ጥሻና በአንዳንድ ሰፋፊ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አለ። ጅብ በሁሉም ቦታ አለ። አነርና ተራ ቀበሮ አይጥን፣ ጥንቸልንና ወፍን ይይዛሉ። ቀይ ቀበሮ ከጮቄ ጠፍቷል።

ከታዳኞቹ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስ፣ ከርከሮ፣ የዱር አሳማ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጃርትና ሽኮኮ አሉ። በጣናና በዓባይ ጉማሬ አለ።

ሰው እያደነ የነብርን ሥራ መሥራት አይችልም?

በጎጃም አይችልም፤ ምክንያቱም ሰውና ነብር የሚያድኑት አንድ ዓይነት እንስሳ አይደለም። የአገሬው ሰው ለሥጋ የሚያድነው ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስ። ከወፍም ቆቅና ጅግራ። ከርከሮ፣ የዱር አሳማ፣ ዝንጀሮና ጃርት በሃይማኖትም በልማድም አይበሉም። ማሳ የሚያወድሙት ግን እነዚሁ ናቸው። በቀረርቶና በፉከራ የሚወደሰውም ገዳይ የጣለው አንበሳ፣ ጎሽና ዝሆን ነው እንጂ አሳማ አይደለም።

ውጤቱን ተመልከቱ። ጠመንጃውና ወጥመዱ የነብርን ቀለብ ከጫካው ያወጣል፤ ማሳ አውዳሚውን ግን አይነካውም። ድኩላና ሚዳቋ ያጣ ነብር ወደ ፍየልና ወደ ውሻ ይወርዳል። ያን ጊዜ ነብሩ በበቀል ይገደላል። ነብሩ ሲሞት ከርከሮን፣ አሳማንና ዝንጀሮን የሚበላ የመጨረሻው አውሬ ሞተ ማለት ነው። አንድ ነብር በአማካይ በሳምንት አንድ ድኩላ የሚያህል እንስሳ ይጥላል፤ በዓመት ወደ ሃምሳ ገደማ። ያንን ሥራ ሌሊት ሌሊት፣ ያለ ደመወዝ፣ በገደሉ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰው አይገኝም። አንድ ወረዳ የሰብል ጉዳትን ለመቀነስ ከልቡ ከፈለገ መጀመሪያ ማስቆም ያለበት የድኩላንና የሚዳቋን አደን ነው፤ ዙሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ «አንዲት ድኩላ ብቻ» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

ነብር ሲጠፋ ዝንጀሮ ይበዛል የሚባለው እውነት ነው?

የታየ ነገር ነው። በጋና ፓርኮች ጠባቂዎች ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት ቆጠራ አድርገዋል። አንበሳና ነብር በጠፉባቸው ቦታዎች ዝንጀሮው በቁጥርም በሚይዘው ቦታም ሰፋ፤ ሌሎች ትናንሽ እንስሳት ደግሞ ቀነሱ። ዝንጀሮው ግልገላቸውንና የወፍ እንቁላልን ስለሚበላ ነው። በመንደሮቹም ሰብሉን ለመጠበቅ ልጆች ከትምህርት ቤት እስከ መቅረት ደረሱ። የበቆሎ እሸት ሲደርስ የጎጃም እረኛ ከትምህርት የሚቀርበትን ምክንያት ለሚያውቅ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ነብር ዝንጀሮን የሚይዘው በአብዛኛው በሌሊት፣ ባደረበት ገደል ወይም ዛፍ ላይ ነው። ቀን ቀን ጎልማሶቹ ወንዶች ተባብረው ይከላከላሉ። ዝንጀሮ ከስድስት ወር እርግዝና በኋላ አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ ቀጣዩም በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ነብሩ የሚወስደው ጥቂት ቢመስልም በመንጋው እድገት ላይ ይከብዳል። ከርከሮ ግን በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ስለሚወልድ ቶሎ ይተካል፤ እሱን ለመግታት ያልተቋረጠ ጫና ያስፈልጋል።

ጅቡንስ ብንቀንሰው?

የጎጃም ደጋ ጅብ የሚኖረው በዱር እንስሳ ሳይሆን በቤት እንስሳ ሬሳ፣ በቄራ ተረፈ ምርትና በቆሻሻ ነው። እሱን መግደል የዱር መንጋን አያበዛም፤ ሬሳውን ግን ያከማቻል። በመቐለ የተደረገ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት ወደ 200 ቶን የሚጠጋ የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ምርት እንደሚያስወግዱ አስልቷል። ያ ሁሉ ቢቀር አባሰንጋን የመሰለ በሽታ ይዞ ይቀመጣል።

ጅብ አህያ የሚበዛበትን ወቅትም ማወቅ ይጠቅማል። በትግራይ የጅብ ኩስ ተሰብስቦ በውስጡ የተገኘው ጸጉር ሲመረመር፣ ከዓቢይ ጾም በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ነበር። በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። በጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ የሚጣል አጥንትና አንጀት ይጠፋል፤ ጅቡ ወደ አህያው ይዞራል። እንግዲህ ከቅበላ ማግስት እስከ ትንሣኤ አህያን ደጅ አለማሳደር ነው።

ፍየሌን የገደለው ምን እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ጉረኖዬንስ ምን ላድርገው?

ከመፍረዳችሁ በፊት ሬሳውንና ዱካውን እዩ። ነብር ጉሮሮን ይነክሳል፤ አራት የክራንቻ ቀዳዳ ይገኛል። ሬሳውን ይጎትታል፤ ጥሻ ውስጥ ይደብቃል ወይም ዛፍ ላይ ያወጣል። ዱካው ክብ ነው፤ የጥፍር ምልክት የለውም። ጅብ ከሆድና ከታፋ ይቀዳል፤ አጥንቱን ሰብሮ ይበላል። ዱካው ጥፍር ያሳያል፤ ኩሱም ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ባለቤት አልባ ውሻ የኋላ እግርና ጭራ ይነክሳል፤ ብዙ በግ አቁስሎ ጥቂት በልቶ ይሄዳል። በነብር የሚሳበበው ብዙ ጉዳት የውሻ ሆኖ ይገኛል።

ጅብ ጥሩ ዘላይ አይደለም፤ ገፊና ቆፋሪ ነው። ለእሱ መሠረቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ የገባ፣ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ ካብ ይበቃል። ነብር ግን ያንን ካብ ዘሎ ይገባል። እሱን የሚያቆመው ጣሪያ ብቻ ነው፦ በርብራብ እንጨት ላይ ወፍራም የእሾህ ቅርንጫፍ ወይም ሽቦ አጥብቆ ማሰር። ስህተቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው በር ላይ ነው። ግድግዳው ጠንክሮ በሩ ከሦስት አጣና ከተሠራ ድካሙ ከንቱ ነው። በሩም እንደ ጣሪያው ይከደን፤ ከታችም ጣት የማያስገባ ይሁን። የደረቀ እሾህ በዓመቱ ስለሚሰባበር ከክረምት በፊት ይቀየር። ግልገልና ጥቦት ከመሸ በኋላ ጫካ ዳር አይቆይ፤ ነብር ከሚይዘው ብዙው ወደ ቤት ሲመለስ ወደ ኋላ የቀረው ነው።

ሬሳ ላይ መርዝ ብነሰንስስ?

ፈጽሞ አታድርጉት። መርዝ አይመርጥም። አንድ ሬሳ ላይ በአንድ ጊዜ በርካታ ጥንብ አንሳ ይወርዳል፤ ነብሩ ሳይመጣ እነሱ ያልቃሉ። ቀጥሎ ውሻው፣ ቀበሮውና አነሩ ይሞታል፤ በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጭ ከገባም ከብቱ ይጠጣዋል። ከነብር ወይም ከጅብ በበለጠ ብዙ የሚሞተው አይጥ የሚበላው ቀበሮና አነር ስለሚሆን፣ በቀጣዩ መኸር ክምሩን አይጥ ይወርሰዋል።

ሕንድ ያጋጠማት ማስተማሪያ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ በሬሳ በኩል ጥንብ አንሳዎቹን ጨረሰ፤ ከ100ው ከ95 በላይ የሞቱባቸው ዝርያዎች አሉ። ሬሳው ሲከማች ባለቤት አልባው ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ጨመረ። ያውም ለመግደል የታሰበ መርዝ ሳይሆን መድኃኒት ነበር።

ነብር እስኪመለስ ማሳዬን በምን ልጠብቅ?

ጠላትን በሰዓቱ መለየት ይቀድማል። ዝንጀሮና ከርከሮ የቀን ናቸው፤ ከርከሮ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። የዱር አሳማና ጃርት የሌሊት ናቸው። ሁለቱን አሳማዎች በሰኮና ዱካ መለየት ይከብዳል፤ የተቆፈረው ማሳ ማለዳ ትኩስ ከሆነ ግን የዱር አሳማ ነው። ጃርት የበቆሎውን አገዳ ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል፤ ድንችም ያወጣል። ዝንጀሮ እሸቱን ግማሽ በልቶ ይጥላል፤ ማሳው የተዝረከረከ ይሆናል።

ለዝንጀሮ የሚሠራው ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ረዳት ነው። እሸቱ ወተት ከያዘበት ቀን እስከ አጨዳ ድረስ ጎረቤታሞች ተራ ይግቡ፤ በጫካው ወገን አንድ፣ በተቃራኒው አንድ ማማ ይኑር። አንድ ጠባቂ ብቻ ካለ ከፊሉ መንጋ በአንድ በኩል ሲታይ ሌላው በጀርባ ይገባል። ጅራፍና ወንጭፍ ይያዝ። የሰው ምስል ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ በየሁለት ቀኑ ቦታው ካልተቀየረ ይለመዳል። በጫካና በማሳ መካከል ከ20 እስከ 30 ሜትር ቁጥቋጦው የተመነጠረ ገላጣ ቦታ ካለ ሳይታይ መቅረብ ያቅተዋል። ደኑን ራሱን መቁረጥ ግን አያስፈልግም፤ ከመጠለያው የተባረረ መንጋ ወደ ጎረቤት ማሳ ነው የሚሄደው። ከጫካው ዳር ያለውን ተረተር በኑግ፣ በተልባ ወይም በበርበሬ መዝራት፣ በቆሎውን ወደ መካከል ማስገባት ጉዳቱን ይቀንሳል። ለአሳማ ደግሞ መሠረቱ የተቀበረ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ካብ ያስፈልጋል፤ የእሾህ አጥርን በአፍንጫው ከሥር ገልብጦ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉዳቱ ካልቆመ በወረዳችሁ የዱር እንስሳት ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ቀኑን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ የተጎዳውን ማሳ ስፋትና ፎቶግራፍ አያይዙ። ልቅ በሆነ ቃል የቀረበ አቤቱታ ውሳኔ አያስገኝም።

ስንት እንደሚታደን የሚወሰነው እንዴት ነው? ወንዱን ብቻ መግደልስ መንጋውን ይቀንሳል?

መጀመሪያ ይቆጠራል። ለድኩላና ለሚዳቋ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 500 ሜትር ይኑር። ሁለት ሰዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት በዝግታ ይሄዳሉ። ያዩትን እንስሳ፣ ጾታና ዕድሜውን፣ ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይጽፋሉ። በበጋም በክረምትም ይደገማል፤ በክረምት ቅጠሉ ስለሚሸፍን የአንድ ወቅት ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ዝንጀሮ የሚቆጠረው ከሚያድርበት ገደል ማለዳ ሲወጣ ነው። ከድምሩ በላይ የሚጠቅመው ግን በ100 እናቶች ስንት ግልገል እንዳለ ማወቅ ነው፤ መንጋው እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። የተለመደው ጥፋት ለመሄድ የሚመቸውን መንገድ ብቻ ቆጥሮ በጫካው ሙሉ ስፋት ማባዛት ነው።

ወንድ መግደል መንጋ አይቀንስም። 60 እናቶችና 20 ወንዶች ካሉ፣ 10 ወንዶች ቢገደሉ የቀሩት 10 ሁሉንም ያስረግዛሉ፤ የሚወለደው ያው ነው። በባሌና በአርሲ በተከለሉ የአደን ቦታዎች በፈቃድ የሚታደነው ያረጀ ወንድ የደጋ አጋዘን ዓላማውም ገቢ ነው እንጂ ቁጥር መቀነስ አይደለም። ቁጥር ለመቀነስ ከተፈለገ የሚነካው ሴቷ ናት፤ ለዚህም ነው በስህተት የተፈቀደ የሴት አደን አነስተኛ መንጋን በጥቂት ዓመት የሚያጠፋው።

ነብር ቢጠበቅ መንጋው በርግጥ ይቀንሳል ትላላችሁ?

በሁሉም እንስሳ ላይ አይደለም። በታንዛንያ ካለው የሰሬንጌቲ ፓርክ የተገኘው መረጃ እንደሚያሳየው፣ አዳኝ በዋናነት የሚገታው ክብደታቸው ከ150 ኪሎ በታች የሆኑትን ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን የሚወስናቸው በአብዛኛው ምግብ ነው። ዝንጀሮ፣ ከርከሮ፣ አሳማና ድኩላ ሁሉም ከ150 ኪሎ በታች ናቸው። የጣና ጉማሬ ግን ከዚህ ቁጥር እጅግ ያለፈ ነው፤ ለእሱ ነብርን ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። እዚያው ሰሬንጌቲ የሚሰደደውን መንጋ ይዞ የነበረው አንበሳ ሳይሆን በሽታ ሆኖ ተገኝቷል። በእኛ አገር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ከዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጠፋ፣ 250 ሺህ ገደማ የነበረው ዊልደቢስት የሚባለው እንስሳ በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ።

ሌላው ችግር መነጠል ነው። በአሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ባለችው አይል ሮያል ደሴት ተኩላዎቹ ከውጭ አዲስ ደም ሳይገባላቸው እርስ በርስ ተራብተው ተዳከሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሙስ የተባለው ታዳኛቸው (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው) ደግሞ በ2019 ወደ 2,000 ደረሰ። በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የተከበበ ነብርም ዕጣው ይኸው ነው። ከደን ወደ ደን የሚያሻግር የወንዝ ዳር ጥሻ ካልተጠበቀ አንድ ነብር ይኖራል፤ ዘሩ ግን አይቀጥልም።

ቀይ ቀበሮን ወደ ጮቄ መመለስ ይቻላል?

ሌላ አገር አዳኝ ተመልሷል። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጡ፤ 19,000 ገደማ የነበረው የሰሜኑ የኤልክ (የአጋዘን ዓይነት ነው) መንጋ በ2013 ከ4,000 በታች ወረደ። ድብ፣ ሰው አዳኝና ድርቅም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም ለተኩላ መስጠት ስህተት ነው። ለቀይ ቀበሮ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዓለም ያለው ለአቅመ መራባት የደረሰ ከ500 በታች ነው፤ በአጥር ውስጥ እየተራባ ያለም የለም። ወደ ጮቄ የሚመጣ ቢኖር ከሌላ ተራራ ከሚኖር ቤተሰብ የሚነጠል ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚገዛው መንጋ የአይጥ መንጋ ነው። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ያልታረሰና በልክ የሚጋጥ ጓሳ ይፈልጋል፤ በጮቄ ግን ገብስና ድንች ወደ ላይ ወጥተው ያንን ቦታ አጥብበውታል። በመንዝ ጓሳ ለዘመናት በማኅበረሰቡ ሥርዓት ሣሩ በየተወሰነ ጊዜ ስለሚዘጋ ቀበሮው ዛሬም አለ። እዚያ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ከአራት አንዱ ብቻ። ጮቄ ላይ መጀመር የሚቻለው ከእንስሳው ሳይሆን ከሁለት ነገር ነው፦ ከአናቱ የተወሰነ ክፍል ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ መለየት፣ በዙሪያው ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን በየዓመቱ ለእብድ ውሻ በሽታ መከተብ። የባሌ ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ ያለቁት ከቤት ውሻ በተላለፈ በዚሁ በሽታ ነው። ክትባቱ ቀበሮ ባይመጣም የመንደሩን ልጅና ከብት ስለሚጠብቅ ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።